ጌጁ ሙሉ፣ ሰልባቲዮው ባዶ

ኢተፋ ጆቴ የተወለደው ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ፣ በቦሰት ተራራ ግርጌ ነው። አባቱ ጋሪ ነጂ ነበሩ። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ፈረስ አልሆንልህ አለው። በአሰብ መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች አቧራ እያስነሱ ሲያልፉ ቆሞ ያያቸውና ቀኑን ሙሉ ስለ እነሱ ሲያወራ ይውል ነበር። ጎረምሳ ሲሆን አንዱ ሾፌር ረዳት አድርጎ ወሰደው። ጎማ እየቀየረ፣ ራዲያተር ውሃ እያጠጣ፣ ጭነት ላይ እየተኛ አደገና በመጨረሻ መሪ ጨበጠ። ሚሌንና ዱብቲን እንደ ጓሮው ያውቃቸዋል ይባል ነበር።

ከዚያ ሁሉ መንገድ ያተረፈው ነገር ቢኖር የታመመ ወገብና በመሣሪያ ያለማመን ጠባይ ነው። አንድ ጊዜ በረሃ መሃል ጌጁ፣ የነዳጅ መለኪያው፣ ግማሽ ነዳጅ አለ እያለው ሞተሩ ጠፍቶበት፣ ረዳቱና እሱ ከራዲያተሩ በቀዱት ዝገት ዝገት በሚል ውሃ ከንፈራቸውን እያራሱ አድረዋል። ከዚያ ወዲህ ኢተፋ ነዳጁን የሚለካው ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ሰልባቲዮ የሚሉት የነዳጅ ማጠራቀሚያ ውስጥ አስገብቶ፣ እርጥቡ የት እንደደረሰ በጣቱ እየለካ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቀስት ቀና ብሎም አያያትም።

ወገቡ ረጅም መንገድ አልችል ሲለው ናዝሬት ገብቶ ከባለቤቱ ከአሰለፈች ጋር ጎጆ ቀለሰ። አሰለፈች ቤተሰቧ ከቡልጋ የመጣ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በጅምላ ገዝታ በችርቻሮ የምትሸጥ፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ኢተፋ ባጠራቀመው ገንዘብ አንዲት አሮጌ የጣሊያን ሥሪት የቤት መኪና ገዛ። ቀለሟ በፀሐይ ተልጦ ሰማያዊ ይሁን አመድማ መለየት ያስቸግራል። በእሷ ከናዝሬት ወለንጪቲ ሰው እያመላለሰ ይኖር ጀመር።

ችግሩ የመጣው ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ፣ በስድሳዎቹ ማለቂያና በሰባዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ኩፖኑን የሚሰጠው ቀበሌ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዘገዬ ይባላል። ቀድሞ የእህል መጋዘን ጠባቂ የነበረ፣ ቁመቱም ጎኑም የሞላ፣ ሲቀመጥ ወንበር የሚያስጮህ ሰው ነው። ክፉ ነው የሚሉት አሉ፤ ፈሪ ነው የሚሉትም አሉ። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ማለዳ ጓድ ዘገዬ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት አስከትሎ ኢተፋ ግቢ መጣ። ወለንጪቲ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ አለብንና ታደርሰናለህ አለው። እምቢ የሚባልበት ዘመን አይደለም። ኢተፋ ዘንጉን ሰልባቲዮው ውስጥ አስገብቶ ለካ። ለወለንጪቲ ደርሶ መልስ ይበቃል፤ ከዚያ የሚተርፈው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሦስቱም ከኋላ ተጨናንቀው ተቀመጡ፤ ከፊት ያለው ወንበር መደገፊያው ተሰብሮ ስለነበር ማንም አይቀመጥበትም።

ስብሰባው ቶሎ አለቀ። ጓድ ዘገዬ ደስ ብሎት፣ እዚህ ከደረስን አይቀር መተሐራ ድረስ ሄደን የምናገኛቸው ሰዎች አሉ፣ ቀጥል አለው። ኢተፋ ቤንዚን እንደማይበቃው በትሕትና ነገረው። ሊቀመንበሩ ከኋላ ወንበር ተንጠራርቶ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አንገቱን ብቅ አደረገና ዳሽቦርዱን አየ። የነዳጁ ቀስት ጥግ ድረስ ወጥታ ሙሉ ላይ ቆማለች።

«ሙሉ እኮ ነው» አለ።

ኢተፋም አየ። እውነትም ሙሉ ላይ ናት። ግራ ገባው። ጌጁ ተበላሽቶ ይሆናል፣ እኔ ጠዋት በዘንግ ለክቼ ነው የወጣሁት፣ ከፈለጉ አሁኑኑ ወርጄ ላሳይዎት አለው።

ጓድ ዘገዬ በነገሩ የተዋረደ መሰለው። ሁለቱ ጥበቃዎች እያዩት ነው። «መሣሪያው ሞልቷል እያለ አንተ በእንጨት ልታስተባብል ነው?» አለና ወደ መቀመጫው ተመለሰ።

መተሐራ ሳይሄዱ ቀሩ። ወደ ናዝሬት ተመለሱ። ኢተፋ በመንገዱ ሁሉ ቀስቷን በጎን እያየ ነበር። እንደተሰቀለች ነው፤ ንቅንቅ አትልም። ቀበሌው በር ላይ አወረዳቸውና፣ ቀስቷን ዳግመኛ ሳያያት ቤቱ ገባ፤ ለአሰለፈች የሆነውን አወራላት። አሰለፈች ሽንኩርቷን እየለየች ሰማችውና፣ ነገ ሳይመጡብህ ጌጁን አስተካክለው አለችው።

እነሱ ግን ቀደሙት። በማግስቱ ገና ቁርስ ሳይበላ ጓድ ዘገዬ ከጥበቃዎቹ ጋር ግቢው ውስጥ ቆሟል። መኪናዋን ክፈት ብሎ አዘዘው። ኢተፋ በሩን ከፍቶ ተቀመጠና ቁልፉን አዞረ። ሊቀመንበሩ በመስኮት በኩል ጎንበስ ብሎ አየ። ቀስቷ ወደ ባዶው ጥግ ተጠግታ ተኝታለች።

ጓድ ዘገዬ ቀና አለ። «ትናንት ሙሉ ነበረ፤ ዛሬ ባዶ ነው። ቤንዚኑን ማን ጠጣው?»

ትናንት የዋሸችው ቀስት ዛሬ እውነቱን መናገሯ ነው ኢተፋን የገደለው። ጌጁ ተበላሽቷል ሲል፣ ይኸው አሁን ይሠራል ይሉታል። ይሠራል ካለ ደግሞ ቤንዚኑን ሸጠሃል ነው የሚሉት። በዚያ ዘመን የኩፖን ቤንዚን በጓሮ መሸጥ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል፤ በዚህ ስም የተያዘ ሰው ደግሞ ቀላል ነገር አልነበረም የሚገጥመው። ሊቀመንበሩ ግን ለራሱም ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልተዋጠለትም መሰለኝ፣ ያኔውኑ አላሰረውም። እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ አለ፤ ጌጁ መበላሸቱን በሕዝብ ፊት አሳይ፤ ካላሳየህ ግን የምናደርገውን እኛ እናውቃለን ብሎት ሄደ።

ኢተፋ ያን ቀን ሥራውን ትቶ መኪናዋ ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ ፊውዙን አየ። ደህና ነው። ካቻቢቴውን አምጥቶ ዳሽቦርዱን ፈታ፤ ከኋላው የተወሳሰበውን ሽቦ ወደ ፊት ጎትቶ አወጣ። የዕድሜ ልክ አቧራ ነበረበት። ጌጁን ነቅሎ የሽቦዎቹን መያዣ በአሸዋ ወረቀት ፈገፈገ፣ መልሶ አሰረ፣ ቁልፉን አዞረ። ቀስቷ ከተኛችበት ትንሽ ብቻ ከፍ አለች። ልክ ናት፤ ሰልባቲዮው ውስጥ ያለውም ያችኑ ያህል ነው። ኢተፋ ጌጁን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየያዘ ነቀነቀ። ክላክስ ነፋ፣ መብራት አበራ፣ ሞተር አስነስቶ አርገበገበ። ምንም የለም። ቀስቷ እንደ ታዛዥ ልጅ ቦታዋን ይዛ ተቀምጣለች።

ጎረቤቶች እየገቡ ያዩታል። ዳሽቦርዱ ተፈትቶ ሽቦው እንደ በግ አንጀት ተንጠልጥሎ ሲያዩ ያዝኑለታል። አንዱ ጸበል እርጭባት ብሎ መከረው። ሌላው ሊቀመንበሩን ይቅርታ ጠይቅ አለው። ኢተፋ ላልሠራው ጥፋት ይቅርታ የሚጠየቀው እንዴት ነው እያለ ይበሳጭ ነበር። በተለይ ያንገበገበው እሱ ራሱ በጌጅ አምኖ የማያውቅ ሰው ሆኖ፣ በጌጅ ምክንያት ሌባ መባሉ ነው።

ሲቸግረው ወደ ሱሌማን ሄደ። ሱሌማን አውቶቡስ ተራ አጠገብ የመኪና ኤሌትሪክ የሚሠራ፣ ከአሰብ መንገድ ዘመኑ የሚያውቀው ጓደኛው ነው። ቤቱ በር ላይ ባትሪ ሲሞላ አገኘው። ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ መቼ ነው የጀመራት ብሎ ጠየቀው። ኢተፋ አያውቅም። እየሄደች ነው ወይስ ቆማ? እየሄደች፤ ግን ቆማም እንደዚያው ነበረች። ሙቀት ነበር? ነበር፤ ዛሬም ሙቀት ነው። ሱሌማን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ።

«አላመምም ያለ በሽተኛ እኔ ምን ብዬ አክማለሁ? ሲያማት አምጣት» አለው።

ይሁን እንጂ ባዶ እጁን አልሰደደውም። ትንሽ አምፖል የተቋጠረባት የመፈተኛ ሽቦ አዋሰውና አሠራሩን አስረዳው። ከሰልባቲዮው ወደ ጌጁ የሚሄደውን ሽቦ ከሰልባቲዮው በኩል ንቀል፤ ቀስቷ መውደቅ አለባት። የተነቀለውን ጫፍ የመኪናዋን ብረት አስነካ፤ ቀስቷ ሙሉ ድረስ መውጣት አለባት። ሁለቱም ከሆነ ጌጁ ጤነኛ ነው። ከዚያ ሰልባቲዮው ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ አውጥተህ በእጅህ ከፍ ዝቅ አድርግ። በመጨረሻ ሽቦው የተበጠሰ መሆን አለመሆኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአምፖሉ ሞክር።

ኢተፋ ቤቱ ተመልሶ የተባለውን ሁሉ አደረገ። ዕቃ መጫኛው ውስጥ በጎኑ ተኝቶ፣ ወገቡ እያቃሰተ፣ ሽቦውን ከሰልባቲዮው ነቀለ። አሰለፈችን መሪው ጋ አስቁሞ ቀስቷን አንብቢልኝ አላት። ወደቀች አለችው። ብረት አስነካ። ወጣች አለችው። ሽቦውን መልሶ አገናኝቶ ተንሳፋፊውን ፈትቶ አወጣ፤ ቤንዚኑ እጁ ላይ እየተንጠባጠበ ከፍ ዝቅ አደረገው። ቀስቷም አብራ ከፍ ዝቅ ትላለች አለችው። አምፖሉን በሽቦው ጫፍና ጫፍ ሞከረ። ቦግ አለች።

ሁሉም ደህና ነው። ኢተፋ ከዕቃ መጫኛው ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። በሕይወቱ የተበላሸ ነገር ፈትቶ፣ ደህና ሆኖ ስላገኘው እንዲህ አንጀቱ ያረረበት ጊዜ የለም። አንዱ ሽቦ ተቃጥሎ ቢያገኝ ኖሮ ስሞ ያነሣው ነበር።

«አሁን ምን ልታደርግ ነው?» አለችው አሰለፈች።

«ያ ረቢ!» አለና ተንሳፋፊውን ወደ ሰልባቲዮው ለመመለስ ተነሣ።

እሑድ ደረሰ። ኢተፋ መኪናዋን በቀረቻት ቤንዚን ነድቶ ቀበሌው አዳራሽ በር ላይ አቆማት። ቢያንስ ሕዝብ ይየው ብሎ ነው። ስብሰባው ላይ ጉዳዩ ሲነሣ ሰዉ ወደ ውጭ ወጣና መኪናዋን ከበባት። ጓድ ዘገዬ አሳየን አለው። ኢተፋ ቁልፉን አዞረ፤ ቀስቷ ከባዶው ጥግ ትንሽ ከፍ ብላ ቆመች። ዘንጉን አስገብቶ አወጣ፤ እርጥቡ ጫፏ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱ እኩል ናቸው።

«እንግዲህ ጌጁና እንጨቱ አንድ ቃል ተናገሩ» አለ ሊቀመንበሩ ወደ ሕዝቡ ዞሮ።

ኢተፋ አሁን እውነት ተናገረች፣ ያን ቀን ግን ዋሽታለች ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። ከኋላ ያሉት ሳቁ። ስለ ፊውዙ፣ ስለ ተንሳፋፊው፣ ስለ አምፖሉ መናገር ጀመረ። ሲናገር ራሱን ሲሰማው፣ የሚናገረው ሁሉ ጌጁ ጤነኛ መሆኑን የሚመሰክር ነው። መሃሉ ላይ ሲደርስ ነገሩን አቋርጦ ዘንጉን ወደ ቦታው መለሰ።

«ማሽን ቀን እየመረጠ አይዋሽም» አለ ጓድ ዘገዬ። «ቀን እየመረጠ የሚዋሽ ሰው ነው።»

ኩፖኑ ለተወሰነ ጊዜ ታገደ። እሱም ቀበሌው ግቢ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ታሰረ። ጉዳዩ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ሳይሄድ እዚሁ እንዲያልቅ ከፈለገ በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ ማድረግ እንዳለበት ተነገረው። አሰለፈች በየቀኑ ስንቅ ይዛ ትመጣለች። መጀመሪያ እንዲጸና ነበር የነገረችው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያለች ታጽናናዋለች። እያደር ግን እሷም ደከማት። ወደ ከፍተኛ ከተወሰዱት ውስጥ ያልተመለሱ ሰዎች ታውቃለች። አንድ ቀን ምግቡን አስቀምጣ ሳትሄድ ቆመች።

«በል ያሉህን በላቸውና ና» አለችው።

ኢተፋም የተናገረችው ገባው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ ቆመ። የሕዝብን ሀብት በአግባቡ አልጠበቅሁም፣ ተሳስቻለሁ፣ እታረማለሁ አለ። ምን እንዳደረገ በግልጽ አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውም። አጨበጨቡ። ከአዳራሹ ወጥቶ አሰለፈችን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ኩፖኑ ስለታገደ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። ኑሮው አሰለፈች ትከሻ ላይ ወደቀ። ኢተፋ ሽንኩርት በጋሪ እያመጣ ያግዛታል፤ ያ ፈረስ አልወድም ብሎ ከአባቱ ጋሪ የሸሸ ሰው። እንዲህም ሆኖ መኪናዋን አልተዋትም። ትንሽ ጊዜ ባገኘ ቁጥር ይገባና ቁልፉን አዙሮ ቀስቷን ያያታል። አንዳንዴ ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ ያፈጥባታል። አሰለፈች ይህን ስታይ ትቆጣ ነበር። ሰው ያልሆነ ነገር ላይ ምን ያስቂምሃል ትለዋለች።

የዝናቡ ወቅት ሲገባ ነው ነገሩ የተገለጠው። አሰለፈች ከወንጂ በኩል የመጣ ሽንኩርት በብዛት ገዝታ ነበር። የቤቱ ጣራ ያፈሳል፤ ሽንኩርት ደግሞ ውሃ ከነካው ይበሰብሳል። በኪራይ ያመጣው ጋሪ ግቢው ውስጥ ገብቶ ሲያራግፍ ሰማዩ ጠቆረ። አሰለፈች አሰበችና ኬሻውን መኪናዋ ውስጥ አስገቡት አለች። ኢተፋ ያን ጊዜ መሪው ጋ ተቀምጦ እንደልማዱ ቁልፉን አዙሮ ነበር። የኋላው በር ተከፈተ። ጋሪ ነጂው ከባዱን ኬሻ ተሸክሞ መጣና የኋላው ወንበር ላይ ዘጭ አደረገው።

ቀስቷ ተነሣች። ቀስ እያለች፣ ሩብን አልፋ፣ ግማሽን አልፋ፣ ሙሉ ላይ ደርሳ ቆመች።

ኢተፋ ላይ መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ብሎ ዳሽቦርዱን በጡጫ መታው። አሰለፈች ደነገጠች። ኬሻውን አንሡ አላቸው። ጋሪ ነጂው አሁን ያስቀመጥኩትን እያለ አጉረመረመና አነሣው። ቀስቷ ወረደች። መልሱት አለ። መለሱት። ወጣች። ጋሪ ነጂው ኢተፋን ትክ ብሎ አየውና ዝናቡ ሳይይዘን ወስን አለው።

ኢተፋ ኬሻውን ራሱ አውርዶ፣ የዛገውን የወንበሩን መያዣ በመዶሻ እየመታ ወንበሩን ከነመደገፊያው ነቀለ። ከሥሩ ወለሉ ላይ ከሰልባቲዮው ወደ ፊት የሚሄደው ሽቦ ተዘርግቷል። ከወንበሩ ጥቅልል የብረት ሞላዎች አንዱ ተሰብሮ ጫፉ ሾሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ወንበሩ ላይ ክብደት ሲያርፍ ይህ የሾለ ጫፍ ሽቦውን ይወጋዋል፤ የተላጠውን ሽቦ ከብረት ጋር ያገናኘዋል። ቀስቷም ሙሉ ነው ትላለች። ክብደቱ ሲነሣ ሞላው ይመለሳል፤ ሽቦውም ደህና ይሆናል። ኢተፋ ግቢው ውስጥ ሲፈትሽ ከኋላ የተቀመጠ አልነበረም። አዳራሹ በር ላይም ሰዉ ሁሉ ቆሞ ነበር የሚያየው። ያን ቀን ግን ጓድ ዘገዬና ሁለት ጥበቃዎች ከኋላ ተደርድረው ነበር።

አሰለፈች ጎንበስ ብላ የተላጠችውን ሽቦ አየች። በል አሁን የሽቦ ፕላስተር ጠምጥምበትና ይለቅልን አለችው።

ኢተፋ አልጠመጠመም። ወንበሩን ባለበት መልሶ ሰካው። ከሱሌማን ጥቂት ቤንዚን ለምኖ ሰልባቲዮው ውስጥ ጨመረ። አሰለፈች ነገሩ አልፏል፣ አትቀስቅሰው፣ ሰውየው ይቆጣል ብላ ለመነችው። አልሰማትም። በማግስቱ ቀበሌው በር ላይ መኪናዋን አቁሞ ጓድ ዘገዬን አስጠራው።

ሊቀመንበሩ ብቻውን ወጣ። ኢተፋ በትሕትና፣ አንዴ ከኋላ ይቀመጡልኝ አለው። ዘገዬ ጠርጥሮ አየውና የሚያየው ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ገብቶ ተቀመጠ። ወንበሩ ጮኸ። ኢተፋ ቁልፉን አዞረ። ቀስቷ ሙሉ ላይ ወጣች።

«አሁን ይነሡ።»

ዘገዬ ብድግ አለ። ቀስቷ ወደቀች። ሊቀመንበሩ ራሱ ሳይነግሩት መልሶ ተቀመጠ፤ ወጣች። ተነሣ፤ ወደቀች። ኢተፋ ወንበሩን ነቅሎ የተሰበረውን ሞላና የተላጠውን ሽቦ አሳየው። ዘገዬ የበሩን ጠርዝ በእጁ ይዞ ሽቦዋን ያያታል።

«ገባኝ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የስብሰባው ድምፅ አልነበረም።

ኢተፋ ኩፖኑ ይመለስልኝ፣ ስሜም ይጥራልኝ አለ። ዘገዬ ወደ አዳራሹ በር ዞሮ አየ።

«ኢተፋ፣ አንተ እኮ በሕዝብ ፊት አምነሃል። ወደ ላይም ተላልፏል፤ አሻጥረኛ ተጋለጠ፣ ታረመ ተብሎ። እኔ አሁን ተመልሼ፣ ሰውየው ያመነው ሳያጠፋ ነው ብል፣ ለምን አመነ አይሉኝም?»

ኢተፋ እንዳምን ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ ማለት ነበረበት። ያን ቢል ግን እንደገና ያቺ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚገባው። ወንበሩን ሰክቶ ተነሣ። ዘገዬ ከኋላው፣ ኩፖኑን በጊዜው እናያለን አለው። ኢተፋ አልዞረም። ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ኩፖኑ የተመለሰው የእገዳው ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው እንጂ አንድም ቀን አልቀደመም። ኢተፋ ሽቦዋን ናስትሮ በሚባለው ጥቁር ፕላስተር ጠምጥሞ፣ የተሰበረውን ሞላ በፒንሳ ቆርጦ ጣለው። ወገቡ እየባሰበት ሲሄድ ግን መንዳቱን ተወና ግቢው ውስጥ የሰው መኪና ማየት ጀመረ። ሱሌማን የሰለቹትን፣ አንዴ ታይተው አንዴ የሚጠፉትን የዳሽቦርድ ችግሮች ወደ እሱ ይልካቸው ነበር። ከደብረ ዘይትና ከሞጆም ጭምር ይመጡበታል። ቀይ መብራቷ የምትበራ፣ የሙቀቱ ቀስት የሚዘል፣ የፍጥነቱ ቆጣሪ የሚሞት ሁሉ። ኢተፋ ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ባለቤቱን አስቀምጦ ይጠይቃል። ያን ጊዜ መኪናዋ ውስጥ ማን ነበረ? የት ተቀመጠ? ምን ጭናችሁ ነበር? አንዳንዱ ይሰለቸዋል። አንዳንዱ ደግሞ እየመለሰ ሳለ ራሱ ያገኘዋል።

ሥራው ደንበኛ ሲያበዛለት ሱሌማን ፈቃድ አውጥተህ በርህ ላይ የሥራ ቦርድ ስቀል አለው። ለንግድ ፈቃድ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ኢተፋ ሄደ። ዘገዬ ተቀይሮ ሌላ ሊቀመንበር ተቀምጧል፤ ስሙንም የማያውቀው፣ በዕድሜ ልጅ ነው። ልጁ ፋይሉን ገልጦ አነበበና በአክብሮት አባባ አለው። በእርስዎ ላይ የኢኮኖሚ አሻጥር ተመዝግቧል፤ ራስዎም አምነዋል፤ ስለዚህ ደብዳቤ መስጠት አልችልም። ኢተፋ ስለ ሞላውና ስለ ሽቦው ሊያስረዳው ጀመረ። ልጁ በትዕግሥት ሰማውና ማስረጃ አለዎት ወይ አለው። ሽቦዋ ከተጠገነች ዓመታት አልፈዋል። ወንበሩም ተለውጧል።

ቤቱ ሲገባ አንድ የሞጆ ሾፌር ግቢው ውስጥ ቆሞ እየጠበቀው ነበር። የመኪናው ባትሪ መብራት እየበራ ይጠፋበታል። ኢተፋ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ሰውየውን ና፣ ተቀመጥ አለው። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ያለ ቦርድና ያለ ፈቃድ፣ ቀበሌ መጣ አልመጣ እያለ፣ በዚያው ግቢ እንደተደበቀ ሠራ።